ስሜን ተራሮች ላይ የሚወርደው ሙኦን

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ፣ ከዚያም ስሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ ብርዱ ሲጠናና ትንፋሹ ሲያጥር ይታወቀዋል። የማይታወቀው ከሰማይ የሚወርድበት የሙኦን ዝናብም አብሮ እየበረታ መሄዱ ነው።

ሙኦን የኤሌክትሮን ዘመድ ነው፤ ክብደቱ ግን የኤሌክትሮንን 207 ጊዜ ያህል ይሆናል። ከጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች ከአየር ጋር ሲላተሙ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይወለዳል። በባሕር ጠለል እንኳ በተዘረጋ መዳፍ ላይ በየሰከንዱ አንድ ወይም ሁለት ያልፋሉ፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ራስ ዳሸን ላይማ ቁጥራቸው ይበልጣል። የፊዚክስ ሊቁ ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊኛ ከዚህም ከፍታ አልፎ ወጥቶ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ወደ ላይ እየጨመረ እንደሚሄድ ለክቷል።

ሙኦን እውነተኛ ቅንጣት ነው። በመለኪያ ሲያልፍ ይቆጠራል፣ ዱካውም ይታያል፤ ጉልበቱ፣ ግስጋሴው (ሞመንተሙ) እና ክብደቱ በአንስታይን ቀመር ልክ ይገጥማሉ።

አማካይ ዕድሜው ግን 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። በብርሃን ፍጥነት ቢከንፍ እንኳ በዚህ ጊዜ 660 ሜትር ያህል ቢሄድ ነው፤ ከፋሲል ግቢ እስከ ፋሲል መዋኛ ያለውን መንገድ አያጋምስም። ምድር የሚደርሰው እንዲህ ለሚከንፍ አካል ጊዜ ስለሚዘገይ ነው።

ዕድሜው ሲያበቃ ወደ አንድ ኤሌክትሮንና ሁለት ኒውትሪኖዎች ይለወጣል። የፊዚክስ ሊቃውንት «ምናባዊ» የሚሉት ቅንጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ለውጥ በሚሰላበት ስሌት መካከል ደብሊው ቦዞን የተባለ ቅንጣት ይቆማል፤ ይህም ከሙኦን 760 ጊዜ ያህል የሚከብድ ነው! ታዲያ ከቀላሉ ከባዱ እንዴት ወጣ?

ብዙዎች «ጉልበት ለቅጽበት ተበድሮ ይመልሳል» ይላሉ። አባባሉ ለጆሮ ቢጥምም ያሳስታል፤ በስሌቱ ውስጥ ጉልበት የሚጎድልበት ቅጽበት የለም። የሚጎድለው ሌላ ነው፦ የምናባዊው ቦዞን ጉልበትና ግስጋሴ ከእውነተኛው ክብደት ጋር አይገጥሙም። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በጀመረው ሥዕላዊ ዘዴ፣ ከሥዕሉ የሚወጣ መስመር መለኪያ ሊይዘው የሚችል ቅንጣት ነው፤ ሁለት ጫፉ ሥዕሉ ውስጥ የታሰረ መስመር ግን ምናባዊ ነው፣ ማንም አይዘውም። እውነተኛው ደብሊው ቦዞን የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 በሰርን የምርምር ማዕከል፣ ለክብደቱ የሚበቃ ጉልበት ባለው ግጭት ነው።

ምናባዊው ቦዞን የማይያዝ ቢሆንም አሻራው ይለካል። የሙኦን ወደ ሌላ መለወጥ አዝጋሚ የሆነው በመካከል የሚቆመው ቦዞን ከባድ ስለሆነ ነው። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የደብሊው ቦዞን ክብደት በግማሽ ቢቀንስ የሙኦን ዕድሜ በ16 እጥፍ ያጥር ነበር፤ ደባርቅ ላይ የሚወርደው ዝናብም በእጅጉ ይሳሳ ነበር።