«በቅርቡ ይወጣል» ማለት ስንት ያወጣል?

የቪዲዮ ጨዋታ አምራቾች ቀን መቁረጥ አይወዱም። «በቅርቡ»፣ «በ2025»፣ «ሲጠናቀቅ» ይላሉ። ተጫዋቹ በጉጉት ይጠብቃል፤ ባለአክሲዮኑ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ገቢው በየትኛው የበጀት ዓመት መዝገብ ላይ ይወድቃል?

ለዚህ ከግራንድ ቴፍት አውቶ 6 የተሻለ ማሳያ አይገኝም። የአሜሪካው ቴክ-ቱ ኩባንያ ንብረት የሆነው ሮክስታር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ባወጣው የመጀመሪያ ማስታወቂያ ላይ የሰፈረው «2025» ብቻ ነበር። በሜይ 2024 «መጸው 2025» ተብሎ ጠበበ። በሜይ 2025 ወደ ሜይ 26 ቀን 2026፣ በኖቬምበር 2025 ደግሞ ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ተራዘመ። በሁለቱም ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዷል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ማራዘሚያዎች እኩል አይደሉም። የእኛ መንግሥት በጀቱን ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ሁሉ ቴክ-ቱ ሂሳቡን የሚዘጋው ማርች 31 ነው። የመጀመሪያው ማራዘሚያ የሽያጩን ገቢ ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት አሻገረው። ሁለተኛው ስድስት ወር ያህል ቢረዝምም ገቢውን ከዚያው ዓመት አላስወጣውም። የደነገጠው ሁሉ ይህን ልዩነት አይቶ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ዓመቱ ብቻ ሲጠቀስ ኩባንያው እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ቃሉን አላጠፈም። «በበዓል ሰሞን» ማለት በአሜሪካ ነጋዴ አነጋገር ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ሩብ ዓመት ነው፤ የእኛን ገና አስቦ የሚጠብቅ ካለ ገበያው አልፎታል። «ሲጠናቀቅ» ደግሞ መጨረሻ የለውም። በዚሁ ቃል ሲጠበቅ የኖረው ዱክ ኑከም ፎርኤቨር በ1997 ተነግሮለት የወጣው በ2011 ነው።

የተቆረጠ ቀንም ዋስትና አይደለም። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት በ2013 ሳይበርፐንክ 2077ን «ሲዘጋጅ» ብሎ አስተዋወቀ። በ2019 ኤፕሪል 16 ቀን 2020 ብሎ ቆረጠ፤ ሦስት ጊዜ አራዝሞ ዲሴምበር 10 አወጣው። ጨዋታው እንከን ስለበዛበት ሶኒ በሳምንቱ ከኢንተርኔት መደብሩ አነሳው፤ በዋርሶ ገበያም የኩባንያው አክሲዮን ክፉኛ ወደቀ። በፊተኛው ቃሉ ቢጸና ይሻለው ነበር።

ቀብድ ለሚከፍል ገዢም አንድ ነገር እንጨምር። በቸርቻሪዎች ዝርዝር ላይ «ዲሴምበር 31» የሚል ቀን ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ቃል አይደለም፤ መዝገቡ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል ሻጩ የሞላው ነው።