ያረጀ ጀልባ ሲታደስ፤ ስለማያንሸራትት ወለል አመራረጥ

በጣና ሐይቅ ዳር የሚነግድ አንድ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ያረጀ የእንጨት ጀልባ ገዝቶ ነበር። ሐሳቡም የዘጌን ቡናና ጌሾ ወደ ባሕር ዳር፣ የባሕር ዳርንም ሸቀጥ በሐይቁ ዙሪያ ወዳሉት መንደሮች ማመላለስ ነበር። ጀልባው ለተመልካች እንዲያምር በማለት ጎኑንም ወለሉንም በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም አስቀባው። ሥራው በተፈጸመ በሳምንቱ፣ ካፊያ በወረደበት ማለዳ፣ 60 ኪሎ ቡና የተሸከመ ሠራተኛ በዚሁ ወለል ላይ አዳለጠውና ክንዱ ተሰበረ፤ ጆንያውም ከውሃ ገባ። ነጋዴው የሕክምናውን ወጪ ከፈለ፤ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠባቸውንም ቀኖች አሰበለት፤ የራሰውንም ቡና በኪሳራ ሸጠው። እንግዲህ ለውበት ተብሎ የወጣው ገንዘብ ጉዳትን አስከተለ ማለት ነው።

ይህ ነገር የአንድ ሰው ዕድል ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጀልባ ያለው ነጋዴ፣ ቀለምና ሚስማር ከውጭ አገር የሚያስገባው አስመጪ፣ ይኸንኑ በችርቻሮ የሚሸጠውም ባለሱቅ ሁሉ ከዚህ የሚማረው አለ።

ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው የጣና ሐይቅ፣ በደቡብ ያለችውን ባሕር ዳርንና በሰሜን ያለችውን ጎርጎራን የሚያገናኝ የንግድ መንገድ ነው። የሐይቁ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚገለገልበት የደንገል ታንኳ ሲያረጅ በአዲስ ይተካል እንጂ አይታደስም። የእንጨት ጀልባ ግን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ንብረት ስለ ሆነ፣ በየጊዜው እየታደሰ ረዥም ዘመን እንዲያገለግል ያስፈልጋል።

በጨው ባሕር ላይ የሚሠራውን የእንጨት ጀልባ ከታች በኩል እየሰረሰረ የሚበላ የባሕር ፍጥረት አለ፤ በጣና ግን ይህ ጠላት የለም። የጣና ጀልባ ጠላት ከላይ የሚመጣው የዝናብ ውሃ ነው። በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ የሰረገው ውሃ መውጫ ሲያጣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ የደጋው ፀሐይም ቀለሙን አድርቆ በሰነጠቀው ቁጥር የውሃው መግቢያ ይበዛል። ስለዚህ ወለሉ ለጀልባው ምንጣፍ ብቻ ሳይሆን ጣሪያም ነው።

ከዚህም የተነሣ፣ የማያንሸራትት ቀለም ከመመረጡ አስቀድሞ የወለሉ ጤንነት ይመረመራል። አናጢው ሳንቃውን በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ የተጠራጠረውንም ቦታ በወስፌ ይወጋል። ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ወስፌውንም በቀላሉ ያስገባል። የበሰበሰው ተቆርጦ በደረቅ ሳንቃ ይተካል፤ መጋጠሚያው በጥጥ ተጠቅጥቆ ይደፈናል፤ የዛገው ሚስማር ዚንክ በተለበጠ ሚስማር ይለወጣል። ከዚያ በኋላ አሮጌው ቀለም ተፍቆ ወለሉ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። በእርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ቀለም ውሎ አድሮ ስለሚነፋና ስለሚላጥ፣ ይህ ሁሉ ሥራ በበጋ ወራት መፈጸም ይገባዋል።

ወለሉ እንዳያንሸራትት ለማድረግ የተለያዩ ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው በርጥብ ቀለም ላይ አሸዋ መነስነስ ሲሆን፣ ዋጋው ከሁሉ ያነሰ፣ እድሳቱም የቀለለ ነው። ሁለተኛው ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬ የተቀላቀለበት ቀለም ነው፤ ይህ ለባዶ እግር ይለሰልሳል፤ ነገር ግን በሚቀባበት ጊዜ ዘወትር ካልተማሰለ ፍሬው በአንድ ቦታ ይከማቻል። ሦስተኛው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ፍርፋሪ የገባበት ኤፖክሲ ነው፤ ለብረት ወለልና ለከባድ ጭነት ተስማሚ ሆኖ ሳለ፣ ኤፖክሲ በፀሐይ ብርሃን ስለሚጎዳ በላዩ ፀሐይን የሚችል ቀለም ይሻል። አራተኛው ከጎማና ከቡሽ የተሠራ፣ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ምንጣፍ ነው፤ እግርን በደንብ ይይዛል፤ ዳሩ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ጠርዙም ከተላቀቀ ውሃ ከሥሩ ገብቶ እንጨቱን ሳይታይ ያበሰብሳል። ያልተቀባ የቲክ እንጨትም ርሶ ሳለ እግርን ይይዛል፤ ሆኖም ዋጋው ለሁሉ ሰው የሚቻል አይደለም።

ነጋዴው ከደረሰበት ጉዳት በኋላ ወደ ቀለም መደብር ሄዶ ከሁሉ ውድ የሆነውን ምንጣፍ ጠየቀ። ባለሱቁ ግን ከመሸጡ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀው፤ ወለሉ እንጨት ነው ወይስ ብረት? የሚሄድበት ሰው ጫማ ያደርጋል ወይስ ባዶ እግሩን ነው? ጭነቱስ በትከሻ ይገባል ወይስ በወለሉ ላይ ይጎተታል? መልሱ ወለሉ እንጨት፣ ሠራተኛውም ባዶ እግሩን፣ ጆንያውም ከፊሉ በትከሻ የሚገባ ከፊሉ የሚጎተት እንደ ሆነ ታወቀ። ሻካራ ወለል የሚጎተተውን ጆንያ ስለሚቀድ፣ ጭነቱ የሚያርፍበት ስፍራ ሳይሸክር እንዲቀር፣ መተላለፊያው ብቻ በአሸዋ እንዲሠራ ተስማሙ።

አሸዋው በሚገባ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በወንፊት ተነፋ። በአንድ ጣውላ ላይ ሦስት ዓይነት ውፍረት ያለው አሸዋ ተሞከረና ውሃ ፈሰሰበት፤ ክንዱ የዳነው ያው ሠራተኛም በባዶ እግሩ እየተራመደ የሚሻለውን መረጠ። ከዚያም ወለሉ ሁለት ጊዜ ከተቀባ በኋላ ሦስተኛው ቀለም ወፈር ተደርጎ ተቀባ፤ ሳይደርቅም የቀለሙ ገጽ እስኪሸፈን ድረስ አሸዋ ተነሰነሰበት። ሳስቶ የተነሰነሰ አሸዋ ለየብቻው ቆሞ እግር ይቧጥጣል፤ ከቆርቆሮው ውስጥ የተቀላቀለውም ወደ ታች ይዘቅጣል። ሲደርቅ ያልያዘው አሸዋ ተጠርጎ በላዩ ሁለት ጊዜ ስስ ቀለም ተደረበ። በጠርዙና በገመድ ማሰሪያዎቹ ዙሪያ፣ ውሃው በቀላሉ እንዲወርድና ቆሻሻ እንዳይከማች፣ ጠበብ ያለ ለስላሳ መስመር ተተወ። ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆነ፤ ጥቁር ወለል በፀሐይ ግሎ እግር ያቃጥላል፤ ፍጹም ነጭም ዓይን ያጥበረብራልና።

ባለሱቁ በዚያን ቀን ከምንጣፉ ሊያገኝ የሚችለው ትርፍ ቀርቶበታል፤ ነጋዴው ግን ከዚያ ወዲህ ቀለሙን፣ ሚስማሩንና ገመዱን የሚገዛው ከእርሱ ዘንድ ነው። በየዓመቱም ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ አሸዋው የተላጠበትን ስፍራ ፈልጎ ያድሳል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በጊዜው የተገዛ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ከሰው ክንድና ከጆንያ ቡና እጅግ ይረክሳል።