አውቶቡሱ መምጣት ሲያቆም

በአሜሪካ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣት የመማር መብቱ በአብዛኞቹ ስቴቶች 21 ወይም 22 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በደጅ መቆሙን ይተዋል። ከዚያ በኋላ የስንቱ ወገናችን ልጅ ዕጣ ቴሌቪዥንና እንግዳ ሲመጣ የሚዘጋ የመኝታ ክፍል በር ነው! «ሰው ምን ይላል» ከተቋም አጥር ይጠነክራል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በኦልምስቴድ ጉዳይ፣ አካል ጉዳተኛን ያለ አግባብ በተቋም ማግለል አድልዎ ነው ሲል በይኗል። የቀን ማዕከል፣ የሥራ አሠልጣኝ፣ በሰፈር አብሮ የሚንቀሳቀስ ረዳት በአብዛኛው የሚገኙት በሜዲኬይድ «ዌቨር» ነው። ወረፋው ግን በብዙ ስቴቶች ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ወላጅ ማመልከት ያለበት ልጁ ገና ተማሪ ሳለ ነው። በወላጆቹ ገቢ ሳቢያ ኤስ ኤስ አይ የተከለከለም 18 ሲሞላው እንደገና ያመልክት፤ ያኔ የወላጆቹ ገቢ አይቆጠርበትም።