ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ እና የአባይ በረሃ ቁልቁለት

ሀገር አቋራጭ አውቶቡሶች ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ወደ ደሴና መቀሌ፣ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ወደ ጅማና ሐዋሳ ይሄዳሉ። መደበኞቹ በደረጃ ተመድበው ከመናኸሪያ ይወጣሉ፤ እነ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ደግሞ በመቀመጫ ቁጥር ትኬት ይቆርጣሉ። ረጃጅሞቹ መስመሮች የሚጀምሩት ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ረዳቱ ሻንጣ ጭኖ ሲጨርስ “ቡና ልጠጣ” ብሎ የሚሰወር ተሳፋሪ የሙሉ አውቶቡስ ሰው ቀን ያበላሻል።

የባሕር ዳር መስመር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባዱ ክፍል ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የአባይ በረሃ ነው። አውቶቡሱ እዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና መልሶ ይወጣዋል።

ሹፌሩ በዝግታ ስለሚወርድ ያለ ጥፋቱ የሚታማውም እዚህ ነው። “ምነው ሹፌር፣ ተኛህ እንዴ?” የሚል ከኋላ መቀመጫ አይጠፋም። ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱን የሚይዘው ፍሬን የሚመስለው ብዙ ነው፤ ዋናው ያዥ ግን ሞተሩ ነው። ፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር አፋትጎ ያቆማል፤ ፍትጊያው ሙቀት ይወልዳል። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እንደረገጠ ከወረደ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወንበር ድረስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፤ ፍሬኑንም አልፎ አልፎ ብቻ ነካ ያደርጋል። የናፍጣ ሞተር ብቻውን ብዙ ስለማይዝ የሞተር ፍሬን ያግዘዋል፤ ይህ መሣሪያ የጭስ መውጫውን በከፊል ዘግቶ ሞተሩን ከራሱ ጭስ ጋር ያታግለዋል። ተሳፋሪን የሚያስደነግጠው ጉርምርምታ ይኸው ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ፎሌ አስገብቶ መንሸራተት ናፍጣ ይቆጥባል የሚል ሹፌር ካለ፣ በዚህ መንገድ ሰው መጫን የለበትም።

ከታች በጃፓን ድጋፍ የተሠራው 303 ሜትር የሚረዝም የሕዳሴ ድልድይ አለ። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ሲጀምር ጭንቀቱ ከታምቡር ወደ ሬዲያተር ይዞራል፤ ሹፌሩም ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው አይነቅልም። ደጀን ላይ ዳገቱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጎዳናው በጎጃም ደጋ ላይ ይዘረጋል፤ በሞጣ በኩል የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ባሕር ዳርን ያቀርባል።