«ሳይወጉ ሳይበጡ»፦ ስለ ደም ሥር ምስል አነሣሥ ስያሜ

በሕያው እንስሳ ላይ የደም ሥሮች ሲሰፉና ሲጠቡ ከውጭ ሆኖ በምስል የመከታተል ዘዴ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ከመጀመሪያው ቅጽል ጀምሮ ነው። የባዕዱ ቃል ሥረ ትርጉም ወረራ ስለ ሆነ «ወራሪ ያልሆነ» ወይም «ኢወራሪ» ማለት ይቀናል። ይሁን እንጂ በአማርኛ ወረራ የጦርና የአንበጣ እንጂ የቢላዋና የመርፌ ግብር አይደለም።

ስያሜ ከመምረጥ በፊት አሠራሩን መመልከት ይበጃል። በአይጥ ጆሮ ላይ የሌዘር ብርሃን ቢያበሩ፣ ተመልሶ ካሜራው ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን በጨለማና በብሩህ ነቁጦች ተዥጎርጉሮ ይታያል። ቀይ የደም ሕዋሳት ሲንቀሳቀሱ ነቁጦቹ ይናወጣሉ፤ ፎቶግራፉ በሚነሣባት ቅጽበትም ይደበዝዛሉ። ይበልጥ የደበዘዘው ስፍራ ደም ይበልጥ የፈጠነበት ነው። ይህን ስልት ፌርሸርና ብራየርስ ያቀረቡት በ1981 እ.ኤ.አ. ነበር። ቢላዋ የሚቀርበት ምክንያት ለእንስሳው ከማዘን ብቻ አይደለም፤ የተቆረጠ የደም ሥር በራሱ ይኮማተራልና፣ መርማሪው የመድኃኒቱን ውጤት የለካ መስሎት የቁስሉን ሊለካ ይችላል።

«ያለ ቀዶ ጥገና» ቢባልስ? መርፌ ያመልጠዋል። «ያለ ጣልቃ ገብነት» ደግሞ ከእውነት ይርቃል፤ አይጧ አብዛኛውን ጊዜ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ እንደ አይሶፍሉሬን ያለው ማደንዘዣም ራሱ የደም ሥርን ያሰፋል። «ወደ ገላ የማይዘልቅ» የሚለው ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ይዘልቃል። በዚህ ጸሐፊ ግምት የሚሻለው «ሳይወጉ ሳይበጡ» ነው። እርግጥ ይረዝማል። ሆኖም መርፌ የተወጋ ሁሉ አንደኛውን ግሥ፣ ዋግምት ያየ ሁሉ ሁለተኛውን ያውቃል፤ ሐረጉም ከአሠራሩ የቀረውን ብቻ እንጂ ሌላውን አይክድም።

ቅጽሉ የአሠራሩ እንጂ የመሣሪያው አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ያው ካሜራ የአይጥን አንጎል ለማየት የራስ ቆዳ ተሰንጥቆ ሲያገለግል ስያሜው አይገባውም። «ሳይወጉ ሳይበጡ የሚሠራ ካሜራ» ብሎ በመዝገበ ቃላት ማስፈር ስለዚህ ስሕተት ነው።

ሌላው ችግር «ምላሽ» ነው። አንዳንዱ ተርጓሚ «መልስ» ማለት ይቀለዋል። ነገር ግን «የደም ቅዳ መልስ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ አንባቢው ደም ቅዳና ደም መልስ የተባሉት ሁለቱ ሥሮች በአንድነት የተጠሩ ይመስለዋል። እዚህ ላይ «ምላሽ» እንጂ ሌላ አይጻፍ።