መጀመሪያ ሥልጣን ይጣራ!

ሕግ ስንማር፣ ዳኛ ወደ ክርክሩ ፍሬ ነገር ከመግባቱ በፊት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ያጣራል ተብለናል። ለራውተር ወይም ለቆጣሪ የሚሆን ፕሮግራም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት ይህችን ጥያቄ በመዝለል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ የኢንቴል፣ መሣሪያው የአርም ፕሮሰሰር ሊኖረው ይችላል፤ የአንዱን የማሽን ቋንቋ ሌላው አያውቀውም። ኮምፓይለሩ በትክክል ቢመረጥ እንኳ፣ ሊንከሩ የመሣሪያውን ላይብረሪ ትቶ የኮምፒዩተሩን ካነሳ ሥራው ይከሽፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የስህተቱን ዝርዝር ከላይ ጀምረው ያንብቡ። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ የቀሩት መዘዞቹ ናቸው። ብዙ ሥራ ጎን ለጎን እየሄደ መልእክቶቹ ከተደባለቁ፣ አንድ በአንድ እንዲሠራ አድርገው ይድገሙት። ከዚያ በሊኑክስ «ፋይል» የተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱ የጋራ ላይብረሪ (.so) ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሠራ ይነግርዎታል።

ቢሮ ውስጥ የከሸፈ ሥራ ጉዳቱ ቀላል ነው። የሚያስፈራው ያለ ስህተት ያለፈው ነው። መሣሪያው ላይ ያለው የሲ ላይብረሪ ፕሮግራሙ ከተዘጋጀበት ያረጀ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ቢሮ ውስጥ እሺ ብሎ ቆጣሪው ላይ አልነሳም ሊል ይችላል። ቆጣሪው ገጠር ከተተከለ በኋላ ይግባኙ ረጅም መንገድ ነው።