ያውቁ ኖሯል? የጨጓራ፣ የአንጀትና የቆሽት ካንሰር በቀዶ ጥገና ክፍል

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በአንጀት ካንሰር ምክንያት ለስምንት ሰዓት ያህል ከሥልጣን ወርደው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው። ማደንዘዣ ከመውሰዳቸው በፊት ሥልጣኑን በደብዳቤ ለምክትላቸው ለጆርጅ ቡሽ አስተላለፉ። ሐኪሞቹ ከትልቁ አንጀታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው አወጡ፤ ምሽቱን ፕሬዚዳንቱ ወንበራቸውን መልሰው ተረከቡ። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት ስለተደረሰበት ከዚያ በኋላ 19 ዓመት ኖረዋል።

ከጨጓራ ላይ ካንሰርን ቆርጦ በማውጣት ሕመምተኛን ከአልጋ በማስነሣት የመጀመሪያው ሰው የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ቴዎዶር ቢልሮት ናቸው፤ ጃንዋሪ 29 ቀን 1881፣ ቪየና። ከእሳቸው በፊት ፈረንሳዊው ፔያንና ፖላንዳዊው ሪዲጊየር ሞክረው ሕመምተኞቻቸው አልተረፉም። የቢልሮት ታካሚ የ43 ዓመት ሴት ነበረች። ቁስሏ ዳነ፣ መብላት ቻለች፣ ወደ ቤቷ ገባች። አራት ወር ገደማ ቆይቶ ግን ካንሰሩ ተመልሶ ገደላት። ታሪክ ይህን «ስኬት» ይለዋል፣ ልክም ነው። ከቢላዋው መትረፍና ከበሽታው መትረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዛሬም ሐኪም «ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ቢልሮት ጥሩ ፒያኖ ተጫዋችም ነበሩ። የሙዚቃ ደራሲው ብራምስ ሁለት የአውታር ኳርቴቶች አበርክቶላቸዋል።

ሰው ያለ ጨጓራ ይኖራል? ይኖራል። ጨጓራ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ምግቡን በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ ይበላል፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። የሚገርመው ሳይታመሙ ጨጓራቸውን የሚያስወጡ መኖራቸው ነው። በኒውዚላንድ አንድ የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ቤተሰብ ትውልድ በትውልድ በጨጓራ ካንሰር ሲያልቅ ተመራማሪዎች ከቤተሰቡ ጋር ሆነው ምክንያቱን ፈለጉ፤ በ1998 ከወላጅ የሚወረሰውን የዘረመል ጉድለት አገኙት። ከዚያ ወዲህ ጉድለቱን የወረሱ ብዙ ሰዎች ጤነኛ የሚመስለውን ጨጓራቸውን አስቀድመው ያስወጣሉ።

አሁን ወደ ቆሽት። የሆድ ቀዶ ጥገና ከባዱ ምዕራፍ ይህ ነው።

ካንሰሩ በቆሽት ራስ ላይ ሲሆን የሚሠራው ቀዶ ጥገና «ዊፕል» ይባላል። የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢት፣ የሐሞት ቧንቧው ክፋይ፣ ብዙ ጊዜም የጨጓራው ታችኛ ጫፍ አብረው ይወጣሉ። ከዚያ የተረፈው ቆሽት፣ የሐሞት ቧንቧውና ጨጓራው አንድ በአንድ ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፋሉ። ከሦስቱ ስፌቶች ሐኪሙን እንቅልፍ የሚነሣው የቆሽቱ ነው። ካፈተለከ ምግብ የሚፈጨው ፈሳሽ የራስን ሥጋ መፍጨት ይጀምራል።

ለቀዶ ጥገናው ስሙን የሰጡት ሐኪም አለን ዊፕል የተወለዱት ኢራን፣ ኡርሚያ ውስጥ ነው፤ ወላጆቻቸው ሚስዮናውያን ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ጀማሪው እሳቸው አይደሉም፤ ጀርመናዊው ካውሽ በ1909 ተመሳሳዩን ሠርተዋል። ዊፕል በ1935 ያቀረቡት ዘዴ በሁለት ዙር የሚሠራ ነበር፤ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሕመምተኞች ደማቸው አልረጋ እያለ ያስቸግር ነበርና። በ1940 የአንዲት ሕመምተኛ ዕጢ የጨጓራ ካንሰር መስሏቸው ጨጓራዋን ከቆረጡ በኋላ ዕጢው የቆሽት ሆኖ አገኙት። መመለሻ ስላልነበረ ሁሉንም በአንድ ዙር ጨረሱት። ሕመምተኛዋ ተረፈች፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የደሙን ችግር አቃለለና የአንድ ዙሩ አሠራር ጸና።

ዊፕል በሥራ ዘመናቸው የሠሩት እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና 37 ብቻ ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪም ጆን ካሜሮን ከ2,000 በላይ ሠርተዋል!

ይህ ቁጥር ለጉራ አይደለም። በ2002 በአሜሪካ አረጋውያን ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት የሆስፒታሎችን ልምድ አነጻጽሮ ነበር። የቆሽት ቀዶ ጥገናን በዓመት አንድ እንኳ በማይሞሉ ሆስፒታሎች ከተሠራላቸው 16.3 በመቶው ሞቱ፤ በዓመት ከ16 በላይ በሚሠሩት ግን 3.8 በመቶ ብቻ። በትልቁ አንጀት ላይ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ለቆሽት «ዶክተር፣ እዚህ ሆስፒታል በዓመት ስንት ትሠራላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እኛ ዘንድ ሐኪምን መጠየቅ እንደ መዳፈር ይታያል፤ ይህኛው ጥያቄ ግን ነፍስ ያድናል።

የቆሽት ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች ለቀዶ ጥገና የሚበቁት ከ15 እስከ 20 በመቶው ብቻ ናቸው። ዕጢው ትንሽ ሆኖ እንኳ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ከከበበ ወይም ጉበት ከደረሰ ቢላዋ አይረዳም። በቆሽቱ ራስ ላይ የበቀለው የሐሞቱን ቧንቧ ስለሚዘጋ ዓይንን ቢጫ አድርጎ ራሱን ያጋልጣል፤ በጅራቱ ላይ ያለው ግን ድምፁን አጥፍቶ ይሰነብታል። ሕመም የሌለው ቢጫነት፣ ክሳትና ነጣ ያለ ሰገራ ሲገጥሙ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ መቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

ቀዶ ጥገና ብቻውን አይበቃም። በ2018 በወጣው የፈረንሳይና የካናዳ ጥናት ከቆሽት ቀዶ ጥገና በኋላ አራት መድኃኒት የተጣመረበት ኬሞቴራፒ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ54 ወር በላይ ኖረዋል፤ በነጠላው መድኃኒት 35 ወር ነበር። ጥምሩ ከባድ ስለሆነ አቅም ላለው ሰው ብቻ ነው የሚታዘዘው።

የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስን የገደለው የተለመደው የቆሽት ካንሰር አልነበረም። ከሆርሞን አመንጪ ሴሎች የሚነሣው፣ ቀስ የሚለው ዓይነት ነው። በሽታው በ2003 ታውቆ ቀዶ ጥገናውን ዘጠኝ ወር ያህል አዘግይተዋል።

ፊንጢጣ አካባቢ ለሚበቅል ካንሰርስ? የእንግሊዙ ሐኪም ቢል ሄልድ በትንሿ የቤዚንግስቶክ ከተማ ሆነው አንጀቱን ከከበበው ስብ ጋር፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ፣ አንድ ላይ ማውጣትን በ1982 አሳወቁ። አዲስ መሣሪያ የለ፣ አዲስ መድኃኒት የለ፤ ጥንቃቄ ብቻ። በዚያው ቦታ ተመልሶ የሚበቅለው ካንሰር በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህም የሚያስደንቀው ደግሞ ቢላዋው ራሱ የቀረበት ነው፦ በ2022 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የተለየ የዘረመል ጉድለት ያለበት የፊንጢጣ ካንሰር የያዛቸው 12 ሰዎች ዶስታርሊማብ የተባለ መድኃኒት ተሰጥቷቸው የ12ቱም ዕጢ ጠፋ። ይህ ጉድለት ያለባቸው ጥቂቶች መሆናቸው ነው የሚያሳዝነው።

ከጨጓራ ከፍ ብሎ ያለው የጉሮሮ (የምግብ ቧንቧ) ካንሰር ደግሞ ከኢትዮጵያ በኬንያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋ ቀጣና ይበዛል፤ አርሲና ባሌ በዚህ መስመር ላይ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ገልጿል። ጥፋቱ ያለው በሻዩ ሳይሆን በቃጠሎው ነው፤ ገንፎም ትንሽ ቢበርድ ጣዕሙ አይሄድም። ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እንጀራ አልዋጥ ሲላቸው ነው። ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መፍትሔ ምግብ እንዲያልፍ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ማስገባት ነው።

በመጨረሻም አንድ በጎ ዜና፦ በ2025 በወጣ ጥናት ለአንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገናና ኬሞቴራፒ ከጨረሱ 889 ሰዎች ግማሹ ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ አደረጉ፣ ሌሎቹ ምክር የያዘ ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 90.3 በመቶው፣ ከሌሎቹ 83.2 በመቶው በሕይወት ነበሩ። የተጠየቀው እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት አራቴ፣ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ፈጠን ብሎ ከመራመድ የሚበልጥ አልነበረም።